ቫርኒሽ የጠጣው ድንጋይ

ድንጋዬን ቫርኒሽ ቀቡብኝ። ዛሬም ሳስበው ደሜ ይፈላል።

ነዳጅ ፈላጊ ድርጅት ውስጥ ጂኦሎጂስት ነበርኩ። ቢሯችን ቦሌ መድኃኔዓለም አጠገብ፣ ፎቅ ላይ ነው። ከኦጋዴን ጉድጓዳችን የወጣው የኖራ ድንጋይ፣ ለምርመራ በጣት ልክ ተቆራርጦ፣ በሣጥን ውስጥ እኔ ዘንድ ይቀመጥ ነበር። ሰው ጋዝ ከመሬት በታች እንደ ሐይቅ ተኝቶ የሚጠብቅ ይመስለዋል። አይደለም። ያለው ድንጋዩ ውስጥ፣ በዓይን በማይታዩ ቀዳዳዎች ነው። ቀዳዳዎቹ ከተገናኙ ይወጣል፤ ካልተገናኙ እዚያው ይቀራል። ጉድጓዱ ያኔ በሲሚንቶ ተደፍኗል። ተመልሶ መቆፈር ያዋጣ እንደሆነ ሊነግረን የሚችለው ያ ድንጋይ ብቻ ነበር።

አብረውን ሊቆፍሩ ያሰቡ የውጭ ሰዎች ናሙናውን ሊወስዱ ይመጣሉ ተባለ። እኔ መስክ ላይ ነበርኩ። እንግዳ ሲመጣ የምናደርገውን ታውቃላችሁ፤ አጥር እንቀባለን፣ መጋረጃ እንቀይራለን። ሥራ አስኪያጁ ይሄን ሁሉ አደረጉ፤ አልበቃቸውም። ገርጂ ካለ የቤት ዕቃ መሸጫ ቀለም ቀቢ አስመጡ።

ስመለስ ድንጋዬ እንግዳ መቀበያው ላይ፣ መስታወት ውስጥ ተደርድሮ ያብረቀርቃል።

«እንዴት ነው? አማረ አይደል?» አሉኝ።

«ጋሼ፣ ቀዳዳውን ደፈኑት እኮ። አሁን ምኑ ይለካል?»

«የምን ቀዳዳ? እኔ ራሴ አገላብጬ አይቼዋለሁ፤ ምንም ቀዳዳ የለውም።»

እንግዶቹ በማግስቱ መጡ። አንደኛዋ ቁራጩን አንስታ በጥፍሯ ፋቅ አደረገችው፤ ከዚያ ወደ እኔ አየች። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ሻያቸውን ጠጡ፣ ቢሮው ያምራል አሉ፣ ናሙና ሳይወስዱ ሄዱ። ተመልሰውም አልመጡም።

ሥራ አስኪያጁ ጥፋታቸው አልታያቸውም። የቆጫቸው ቫርኒሹ ነው።

«ደግሞ አፈጃጀቱ! ሌላው ድንጋይ አንዴ ሲቀባ ይበቃዋል። አንዳንዱ ግን ይመጥጠዋል፤ ቢደግሙት ይመጥጠዋል፣ ቢሠልሱትም ይመጥጠዋል። ጣሳውን ጨረሰው።»

«የትኛው?» አልኳቸው።

በጣታቸው አሳዩኝ። ከጉድጓዱ ታችኛው ክፍል የወጣው ነው፤ ጋዙ እዚህ ነው፣ ይሄ ድንጋይ ጋዝ ያሳልፋል እያልኩ በየስብሰባው ስጨቃጨቅ፣ ሲሳቅብኝ የኖርኩበት።