በኮፈኑ ላይ የቀረችው እጅ

አስራ አንድ ዓመቴ ነበር ያኔ። ዕድሜዬን እንዲህ በድንገት ያስታወሰኝ ባለፈው ቅዳሜ ፍሪጃችን ላይ ያየሁት ነገር ነው። የልጄን ጸጉር ቅቤ ቀብቼ፣ በፌስታል ጠቅልዬ፣ "አንድ ሰዓት እንዳትነኪው፣ ዝም ብለሽ ተቀመጪ" ብያት ዘወር ከማለቴ፣ እሷ ለካ ጁስ ፍለጋ ወጥ ቤት ገብታ ኖሯል፤ ስመለስ በሚያብረቀርቀው የፍሪጅ በር ላይ አምስት ጣቷ ከነመዳፏ በቅቤ ታትሞ ቁጭ ብሏል። ጨርቅ አንስቼ ልጠርገው ቀረብኩ፣ አንድ ስንዝር ሲቀረኝ እጄ ቆመ፣ አልሄድም አለኝ። "ማም፣ ኢትስ ጀስት ኤ ሃንድ" አለችኝ ከኋላዬ፣ የምቆጣት መስሏት። እውነቷን ነው፤ እጅ ብቻ ነው። እኔም ያኔ ለራሴ ያልኩት ይህንኑ ነበር።

ያኔ የምንኖረው ሲያትል፣ ኮሎምቢያ ሲቲ የሚባል ሰፈር፣ ከሬኒየር አቬኑ ገባ ብሎ ባለ ጠባብ መንገድ ላይ ነበር። የከተማው ባቡር ገና አልመጣም፤ ሰፈሩ ለሐዲዱ ተቆፋፍሮ፣ ብርቱካናማ ኮን ተደርድሮበት፣ እናቴ "ይሄ አገር ተሠርቶ አያልቅም እንዴ!" እያለች ጭቃውን በዝላይ የምትሻገርበት ጊዜ ነው። አባባ ኤርፖርት ፓርኪንግ ነበር የሚሠራው፤ በመስታወት ሣጥን ውስጥ ተቀምጦ ከሚወጣው መኪና ሁሉ ቲኬት ይቀበላል። አገር ቤት ግን ባቲላሜራ ነበር፤ የተጨረማመተ መኪና ቀጥቅጦና አቃንቶ፣ አዲስ አስመስሎ ለባለቤቱ የሚመልስ። ወደዚህ ከመጣን ስምንት ዓመት ሙሉ መዶሻ አልያዘም፤ እጁ ግን አልረሳም። እራት ላይ የሾርባ ማንኪያውን ሆድ በአውራ ጣቱ ሲዳብስ እናቴ ታየውና "ተው ታዴ፣ ማንኪያው አልተጋጨም" ትለዋለች።

አጥር ለአጥር የምንዋሰናቸው ሚስተር ዋልተር ነበሩ፤ ረጅም፣ ጎበጥ ያሉ፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ መርከብ ሲበይዱ ኖረው ጡረታ የወጡ ሽማግሌ። አባባ "ጋሽ ዋልተር" ለመጀመሪያ ጊዜ ሲላቸው "ጋሽ ምንድን ነው?" ብለው ጠየቁት፤ "የሚከበር ትልቅ ሰው ማለት ነው" ቢላቸው ደስ አላቸውና ፖስታ አመላላሹን ሳይቀር "ከዛሬ ጀምሮ ጋሽ ብለህ ጥራኝ" ይሉት ጀመር።

ጋራዣቸው ውስጥ በሸራ የተሸፈነ መኪና ነበር፤ የልጃቸው የዳኒ። ሁለት በር ብቻ ያለው፣ አፍንጫው የረዘመ፣ ማስል ካር ከሚሏቸው ከእነዚያ ጉልበተኛ የድሮ መኪኖች አንዱ ነው። ዳኒ ትልቅ ሞተር አስገባበት፤ ሞተሩ ቁመቱ በዛና የድሮው ኮፈን አልገጥም አለ፤ ኮፈኑን አውልቆ ጣለው፤ ሌላ ሳያሠራ፣ በጓደኛው መኪና ሲሄድ በአደጋ ሞተ። መኪናው ስድስት ዓመት ሞተሩ ተራቁቶ ቆመ። ኮፈን የሚሸጥ ጠፍቶ አይደለም፤ ያንን ሞተር የሚከድን ስላልተገኘ እንጂ። ጋሽ ዋልተር እሁድ እሁድ ሸራውን ገለጥ አድርገው፣ አምስት ደቂቃ አስነስተውት ያጠፉታል። ያን ጊዜ የእኛ ቤት ብርጭቆዎች ቁምሳጥን ውስጥ ይንቀጠቀጣሉ፤ እናቴ ታማትብና፣ እኛ እንዳንሰማት ቀስ ብላ "ልጁ መጣ" ትላለች። እኔ ግን እሰማ ነበር።

አንድ ጠዋት አባባ መሰላል ሊዋስ ጋሽ ዋልተር ጋ ገብቶ ሁለት ሰዓት ቆየ። ሲመለስ መሰላሉን ረስቶታል።

"ኮፈን ልሠራላቸው ነው" አለ።

"በምን?" አለች እናቴ።

"በእጄ ነዋ!"

ነገሩ ኮፈን ብቻ አልነበረም። ጋሽ ዋልተር ታኮማ በምትባለው ጎረቤት ከተማ አሮጌ መኪና የሚያድስ ወዳጅ ነበራቸው፤ ብረት በእጁ የሚቀርጽ ባለሙያ ፈልጎ ያጣ። አባባን በስልክ ሲያነሱለት፣ "ሥራውን በዓይኔ ልየው፤ ጥሩ ከሆነ ሰውየውን ሰኞውኑ አስገባዋለሁ" አላቸው። አባባ ይህን ሲነግረን ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "ከዚያ ሣጥን ልወጣ ነው" አለ። እናቴ ተነስታ የታጠበውን ዕቃ እንደገና ማጠብ ጀመረች፤ ደስ ሲላት እንደዚያ ነበረች።

ያ በጋ በሙሉ የመዶሻ ድምፅ ነው። አባባ መጀመሪያ የኮፈኑን ልክ እንደ ልብስ ሰፊ በቡናማ ወረቀት ቀደደ፤ ከዚያ ላሜራውን በዚያው ልክ ቆረጠ። ከቤዝቦል ዱላ የእንጨት መዶሻ ጠረበ። የቆዳ ጃኬቱን ቀዶ ከረጢት ሰፋና ከሰፈራችን ሐይቅ ዳር ባመጣው አሸዋ ሞላው፤ ብረቱ የሚቀጠቀጠው በዚያ ላይ ተደላድሎ ነው። እናቴ "ለበዓል ያስቀመጥኩለትን ጃኬት!" ብላ ሳምንት አኮረፈች። ከሥራው ሰዓት በፊት ባሉት ጠዋቶች ሁሉ ጋሽ ዋልተር ጋራዥ ውስጥ ዱብ፣ ዱብ፣ ዱብ ይላል፤ ያ ጠፍጣፋ ላሜራ ቀስ በቀስ መሀሉ እየተነፋ፣ ትንፋሹን እንደሳበ ደረት ብድግ ሲል በዓይኔ አይቻለሁ።

የእኔ ሥራ ብረት ማንበብ ነበር። የአባባ መዳፍ ከድሮ ጀምሮ በእሳት ፍንጣሪ ደንድኗል፤ የፀጉር ያህል የጎደጎደች ቦታ አትሰማውም። የልጅ እጅ ግን ይሰማዋል። ስለዚህ ከእናቴ አሮጌ ነጠላ የተቀደደች ቁራጭ ሰጠኝ፤ ጨርቋን መዳፌ ስር አድርጌ፣ ዓይኔን ጨፍኜ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ ብረቱን እዳብሳለሁ፤ እጄ ሲወርድ "እዚህ" እላለሁ፣ አባባ በጠመኔ ያከብባል፣ ይመታል፣ እንደገና እዳብሳለሁ። "ዓይኔ እሷ ናት" ይላቸው ነበር ጋሽ ዋልተርን። እንደዚያ በጋ ትልቅ ሰው ሆኜ አላውቅም።

አንድ ሕግ ብቻ ነበር፤ ብረቱ ቅባት በሚያጠፋው በቲነር ከተወለወለ በኋላ በባዶ እጅ አይነካም። "እጅ ላብ አለው" ይለኛል፣ ጣቱን አንስቶ፣ "ላብ ጨው ነው። ቀለም ስር ገብቶ ይተኛል። ዛሬ አይታይሽም፤ ቆይቶ ነው የሚወጣው።"

የመጨረሻው ቀን ቅዳሜ ነበር፤ ቅዳሜ ደግሞ እናቴ ቅቤ የምትቀባኝ ቀን ነው። ፌስታሌን ጭንቅላቴ ላይ አስሬ፣ በላዩ ኮፍያ ደፍቼ ሄድኩ። አባባ ኮፈኑን ከዳር እስከ ዳር ወልውሎ ጨርሶ፣ ውጭ ከጋሽ ዋልተር ጋር የመጀመሪያውን ቀለም እየበጠበጠ ነበር። ኮፈኑ ብቻውን ሁለት እንጨት ላይ ተኝቷል፤ ነጭ፣ ራቁቱን፣ ጸጥ ያለ። ያን ጊዜ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ባለፈው ቀን፣ በግራ በኩል አንዲት ቦታ ላይ እጄ ትንሽ ወረድ ያለ መስሎኝ፣ የቴሌቪዥን ፕሮግራሜ እንዳያመልጠኝ ብዬ "ደርሷል አባባ" ብዬው ሮጬ ነበር። ጨርቄ ውጭ ነው፤ ላምጣ ብል አባባ "ለምን?" ሊለኝ ነው። ቅቤው ቀልጦ በአንገቴ ይወርድ ነበር፤ በእጄ ጠረግ አደረግኩትና፣ ያንኑ እጄን፣ ሳላስበው፣ ብረቱ ላይ አሳረፍኩት።

ቦታው ደልዳላ ነበር። ምንም አልጎደጎደም። ብረቱ ቀዝቃዛ ስለነበር ይሁን እንጃ፣ እጄን ቶሎ አላነሳሁም።

አባባ ሲገባ ጥግ ቆሜ ነበር። ግራጫውን ቀለም ነፋው፤ ቀለሙም ሁሉን ሸፈነው። "እጅ ብቻ ነው" አልኩ በልቤ። ከዚያ ሰማያዊው ተቀባ፣ ጥቁር የሚመስል ሰማያዊ። ኮፈኑ ሲገጠም ያ ትልቅ ሞተር ለመጀመሪያ ጊዜ ተከደነ፣ ድምፁም ከውስጥ፣ ከሩቅ እንደሚመጣ ሆነ። ጋሽ ዋልተር ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ብዙ ቆዩ። የታኮማው ሰው ግን ሥራ በዝቶበት ዝናቡ እስኪገባ ቆየና "በዚህ ዝናብ መኪናውን አላስወጣችሁም፤ ፀሐይ ስትወጣ እመጣለሁ" አለ፤ መኪናውም ክረምቱን በሸራ ስር፣ በዚያ በሲያትል እርጥበት ውስጥ አሳለፈ።

ሚያዝያ ላይ መጣ። አባባ ካናቴራውን በሸሚዝ ለውጦ፣ ጫማውን ጠርጎ ቆመ። ሸራው ሲገፈፍ በግራ በኩል፣ በዚያ እንደ መስታወት በሚያበራ ሰማያዊ ላይ፣ ቀለሙ በጥቃቅን አረፋ ተነስቶ አየነው። አረፋው ዝም ብሎ የተበተነ አልነበረም። አራት ጣት፣ አንድ አውራ ጣት፣ ትንሽ መዳፍ።

ሰውየው ጎንበስ ብሎ አየ። የኮፈኑን ቅርጽ ሲያደንቅ ቆየ፤ "ብረቱ ግን አልተወለወለም" አለ፣ በትህትና። "እደውልልሃለሁ።" አባባ እንግሊዝኛው ሁሉ ከአፉ ጠፋ፤ "ወልውያለሁ... ወልውዬ ነበር" ይል ነበር፣ በአማርኛ፣ ሰውየው መኪናው ውስጥ ከገባ በኋላም።

ሰውየው አልደወለም። አባባ ጋሽ ዋልተርን "አንድ ሳምንት ስጡኝ፣ ልላገውና እንደገና ልቀባው" ብሎ ለመናቸው። እሳቸው ግን በኮፈኑና በአባባ መሀል ገብተው ቆሙ።

"ማንም አይነካውም" አሉ። "ዳኒ ትንሽ ሳለ፣ ከመርከብ ሥራ ስገባ እየሮጠ ወጥቶ የመኪናዬን ኮፈን ይነካ ነበር። ከሞቀ አሁን መግባቴ ነው፣ ከቀዘቀዘ ሳያየኝ ከገባሁ ቆይቻለሁ ማለት ነው። የሱ እጅ ነው። መምጣቴን ሊያይ ነው።"

እንግዲህ እዚህ ላይ ነው እኔ የቆምኩት። እውነቱን ብናገር የአባባ ስም ይመለሳል፤ የጋሽ ዋልተር ልጅ ግን ሁለተኛ ይሞታል። ዝም ብል ደግሞ፣ በጋውን ሙሉ ስዳብሰው የቀረ ላብ ይመስላል፤ አባባም እንዳልወለወለ ይቆጠራል። ዝም አልኩ። አባባ ወደ መስታወት ሣጥኑ ተመለሰ፤ መዶሻዎቹን በነጠላዋ ቁራጭ ጠቅልሎ አልጋ ስር ከተተ። አንዳንዴ ምግብ ላይ እጁ ቆም ይልና፣ "ግራውን ሳልወለውል ቀርቼ ይሆን?" ብሎ እናቴን ይጠይቃል፣ እሷ እዚያ የነበረች ይመስል። ማንኪያ መዳበሱንም ተወ።

ጋሽ ዋልተር ወንበር አውጥተው እጁ አጠገብ መቀመጥ ለመዱ። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ ጠሩኝ። "ነይ እስቲ፣ ለኪው" አሉኝ፣ "እጁ እንዳንቺ እጅ ያለች ነበረች።" እጄን ኪሴ ውስጥ ጨብጬ፣ ቆሽሿል ብዬ ሸሸሁ። እንደሚገጥም አውቃለሁ። እሁድ እሁድ ብርጭቆዎቹ ሲንቀጠቀጡ እናቴ "ልጁ መጣ" ስትል፣ እኔ በሆዴ "አይደለም፣ እኔ ነኝ" እላለሁ። ዕድሜዬ ሲጨምር ጣቶቼን በየጊዜው አየኋቸው፤ እያደጉ፣ ከዚያች እጅ እየራቁ ሄዱ። እሷ ግን አስራ አንድ ዓመቷ ላይ ቀረች፣ ዳርዋም ዝገት እያወጣ።

ዛሬ ያ ሰፈር ሌላ ነው። ባቡሩ ይመጣል፣ ይሄዳል። የእኛም የጋሽ ዋልተርም ቤት ፈርሶ፣ ባለ አራት ፎቅ ጠባብ ቤቶች ተሠርተውበታል፤ ጋራዡ በነበረበት ቦታ ብስክሌት ይታሰራል። የአባባ የመስታወት ሣጥንም በማሽን ተተክቷል። ብርጭቆ የሚያንቀጠቅጥ ነገር የለም። ጋሽ ዋልተር የሞቱት ቤቶቹ ገና ሳይፈርሱ፣ እኔ ኮሌጅ ጨርሼ ሥራ በያዝኩ ሰሞን ነው፤ የእህታቸው ልጅ መኪናውን ሸጠችው፣ ጭነት መኪናም መጥቶ ወሰደው። አባባና እኔ አጥሩ ጋ ቆመን አየነው። መኪናው ከመንገዱ ጫፍ ሲታጠፍ፣ ግራ ጎኑ ለመጨረሻ ጊዜ ዞሮልን፣ ያን ጊዜ ነገርኩት፤ ቅዳሜውን፣ ቅቤውን፣ እጄን፣ ሁሉን።

አባባ አላየኝም። "ቅቤ?" አለ። ደግሞ፣ "ቅቤ ነው?" አለ። ከዚያ ወደ ቤት ገባ።

በማግስቱ ጠዋት ያንን ሸሚዝ ለብሶ፣ ጫማውን ጠርጎ፣ አውቶቡስ ይዞ ታኮማ ሄደ። የሰውየው ጋራዥ ተዘግቶ ጎማ መሸጫ ሆኖ አገኘው፤ ሰውየውንም የሚያውቅ የለም። አባባ ጎማ ለምትሸጠው ሴትዮ ብረቱን ወልውሎት እንደነበር ነገራት፤ እሷም "ኦኬ ሰር" አለችው፤ በሚቀጥለው አውቶቡስ ተመልሶ መጣ።