ማርቆስ የቆረበ ዕለት

ነገሩ የፈጀብኝ ሁለት የፊት ጥርስ፣ አንድ ቁርባንና ገመድ ፈልጎ ሱቄ የሚመጣ ገበሬ ሁሉ ነው። ደብረ ብርሃን ላይ ከሚስማር እስከ ቆርቆሮ እሸጣለሁ፤ ገመድ ግን አላስገባም። ባለፈው ቅዳሜ አንድ ከእነዋሪ የመጣ ገበሬ ዝናብ ያራሰውን የቃጫ ገመድ ባንኮኒዬ ላይ ዘርግቶ «እንደዚህ ያለ የለህም?» ሲለኝ፣ ያ የረጠበ ቃጫ ሽታ አፍንጫዬን ሲመታው፣ ምላሴ ሳላዘው ወደ ሰው ሠራሹ ጥርሴ ሄደ።

ታላቅ ወንድሜ ማርቆስ ያን ጊዜ አሥራ ሰባት ዓመቱ ነበር፤ አእምሮው ከአምስት ዓመት ልጅ አያልፍም፣ ጉልበቱ ግን የሁለት ሰው ነው። የሰፈሩ ልጆች አንድ ስድብ ለካቶሊክነታችን፣ አንድ ስድብ ለማርቆስ ያዋጡልን ነበር፤ እኔም ለሁለቱም በድንጋይ መልስ እሰጥ ነበር። እናቴ ትምህርተ ክርስቶስ የሚያስተምሩንን ጋሽ ወልዴን ሁለት ዓመት ደጅ ጠናች፤ በመጨረሻ እሳቸው «ጾሙን ከጠበቀ፣ ተራ ዳቦ አለመሆኑም ከገባው ይቁረብ» አሉ። በቀጠሮው እሑድ ማርቆስ መንገድ ላይ ከአንዲት ሴት መሶብ ዳቦ ነጥቆ በላና ሳይቆርብ ቀረ። ጠባቂው የአሥራ ሁለት ዓመቱ እኔ ነበርኩና፣ አባቴ በቀበቶ የገረፈው እኔን ነው።

በሚቀጥለው እሑድ ወላጆቻችን ቀድመው ወጡ። የጎረቤት ዳቦ ሸትቶት ማርቆስ ወደ አጥሩ ሲነሳ፣ ሁለት እጁን በቃጫ ገመድ ከበጎቹ በረት ምሰሶ ጋር ጠፍሬ አሰርኩት። ሲጮህ ዝም እንዲል በአርጩሜ ገረፍኩት፤ የአባቴን ቀበቶም እሱ ላይ አወራረድኩት። ሲጎትት ሲጎትት የእጁ አንጓ ተላጠ፣ ደሙም እስከ ክርኑ ወረደ። ሰዓቱ ደርሶ ልፈታው ጎንበስ ስል በግንባሩ አፌን አለኝ፤ ሁለት ጥርሴን ከምላሴ ላይ ለቀምኩ። ከዚያ ምንም እንዳልተፈጠረ የኮቴን ጫፍ ይዞ ተከተለኝ።

ቤተ ክርስቲያን ስንደርስ ጋሽ ወልዴ «ደም የሚፈሰው አይቆርብም» ብለው ሁለታችንንም ከሰልፉ አወጡን። ቅዳሴውን የሚመሩት ሽማግሌው አባ አይተውን ኖሮ ራሳቸው ከመሠዊያው ወረዱና የማርቆስን እጅ ገልጠው አዩ።

«ማን አሰረህ ልጄ?»

«ወንድሜ» አለ ማርቆስ፣ በኩራት እየጠቆመኝ።

አባ ወደ እኔ ዞሩ። «ይቅርታ ጠየቅኸው?»

«እሱን? እሱኮ አይገባውም፣ አባ።»

«እንግዲያው አንተ ቁጭ በል።»

ጋሽ ወልዴ ጉሮሯቸውን ጠራረጉና «አባ፣ እሱም ቢሆን የቁርባኑን ምንነት አያውቅም» አሉ። አባ ቅዱስ ቁርባኑን ይዘው ማርቆስ ፊት ቆሙ። «ማርቆስ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

ማርቆስ ብዙ አሰበ። የሰው ሁሉ ዓይን እሱ ላይ ነው፤ እናቴ ነጠላዋን ነክሳለች።

«አይነጠቅም» አለ። የደሙትን እጆቹን ወደ ኋላ ደብቆ አፉን ከፈተ። አባ አቆረቡት።

እኔ በሳምንቱ ቆረብኩ፤ ይቅርታ ጠይቄዋለሁ ብዬ ለአባ ዋሽቼ። ማርቆስ ዕድሜውን ሙሉ እጁን ወደ ኋላ አድርጎ ሲቆርብ ኖረ፤ ሲጠራኝም «ወንድሜ» ከማለት ሌላ ስም አላወጣልኝም። ሠላሳ ዓመት አንድ ጣሪያ ሥር ኖርን፤ ካቻምና ሞተ። ይቅርታ አልጠየቅሁትም።