የአባቴ ሰዓትና የጀርመኑ ባለሙያ

ልጄ ዘንድ ልኖር ጀርመን ስመጣ ከቡሬ ይዤው የመጣሁት የአባቴ የግድግዳ ሰዓት፣ በተሰቀለ በአሥራ አንደኛው ደቂቃ ቆመ። ባለሙያ ወደተባለ ሰዓት ሠሪ ወሰድነው። ሰውየው ሰባት ሳምንት አስቀምጦ፣ አሥራ አራት ብሎን ፈትቶና ገጥሞ፣ በውኃ ልክ እየለካ ቀጥ አድርጎ ሰቀለው። ሰዓቱ እዚያው እፊታችን እንደገና ቆመ።

«አባባ፣ አርጅቷል፤ ሆዱ ወጥቶ ባትሪ ይግባለት ነው የሚለው» ስትል ልጄ አስተረጎመችልኝ።

«የራሱ ሆድ ይውጣ!» አልኩና ሰዓቱን በጣቴ ወደ ግራ ዘንበል አደረግሁት። ወዲያው ቀጭ ቀጭ ማለት ጀመረ።

«ተንጋደደ እኮ!» ብሎ ጮኸ ሰውየው።

«ቡሬ ያለው ቤታችንም የተንጋደደ ነው። አባቴ ሰዓቱን ያስማማው ከቤቱ ጋር ነው፤ ይህን ለማወቅ ሰባት ሳምንት?» ብዬው ሰዓቴን ይዤ ወጣሁ።

በሳምንቱ በሱቁ በኩል ሳልፍ በመስታወቱ አየሁ። የቆሙበትን ዘጠኝ ሰዓቶች በሙሉ ወደ ግራ አንጋዶ ሰቅሏቸዋል።