ሊማሊሞ የጠፋበት ዘፈን

ከደባርቅ በወጣሁበት ምሽት እናቴ ያለቀሰች እንዳይመስላችሁ። ተቆጥታ ነበር። እኔ ነጠላዬን አጣፍቼ፣ በአሮጌ ሻሽ የቋጠረችልኝን የገብስ ቆሎ ይዤ ለመውጣት ቆሜያለሁ፤ እሷ ደግሞ በሩን ተደግፋ አላሳልፍ ብላኛለች። ውጭ ውርጩ ጀምሯል። መንገድ የሚያሳዩኝ ሰዎች ከከተማው በታች ባሕር ዛፉ ሥር እየጠበቁኝ ነው።

«ግጥሙ የእኔ ነው» አለች። «የተናገርሁት እኔ፣ የምትሰደጂው አንቺ? ነገ ሄጄ እነግራቸዋለሁ።»

«እማዬ፣ አንዴ እኔ ነኝ ብያለሁ። አሁን አንቺ ብትሄጂ ሁለታችንንም ነው የሚያስሩን። ያን ጊዜ ጌጡ ሲመጣ ቤቱን ማን ይከፍትለታል?»

የጌጡን ስም ስትሰማ ከበሩ ዘወር አለች። እኔም ወጣሁ። ዞሬ አለማየቴ ዛሬም ድረስ ያንገበግበኛል።

ለማታውቁን ሰዎች ነገሩን ከሥሩ ልንገራችሁ። ጌጡ ታናሽ ወንድሜ ነው። በገበያ ቀን በግ ሊሸጥ እንደወጣ አፈሳ ላይ ወደቀና ለውትድርና ወሰዱት። ልጆቹን የጫኑበት መኪና ከዚያ በፊት ስንዴ ሲያመላልስ የከረመ ነበር፤ እነሱ ሲወጡበት እንኳ ወለሉ ላይ ፍሬ ነበረው። ከደባርቅ ወደ ሰሜን የሚወርደው መንገድ ሊማሊሞ ይባላል። ገደሉን እየተጠማዘዘ ወደ ዛሪማ ይዘልቃል፤ ከአፋፉ ቆሞ የሚያይ ሰው መኪናውን አንዴ ያገኘዋል፣ አንዴ ያጣዋል። እናቴ አፋፉ ድረስ ሮጣ፣ መኪናው ጨርሶ እስኪጠፋት እዚያው ቆመች። ቤት ስትመለስ አንድም ቃል አልተነፈሰችም።

የተናገረችው ከወራት በኋላ ነው፣ ዳባት ላይ፣ የአክስቴ ልጅ ሲዳር። መቼም ታውቃላችሁ፣ በእኛ አገር ሰርግ አዝማሪ ብቻውን አይዘፍንም። ልቡ የሞላበት ሰው ብድግ ብሎ «ተቀበል» ይለውና ግጥሙን በቃሉ ይሰጠዋል፤ አዝማሪው ያንኑ በመሰንቆው ተቀብሎ ለዳሱ ሁሉ ያደርሰዋል፤ ሰጪው ይቀመጣል። ከዚያ በኋላ ግጥሙ የማን ነው ብሎ የሚጠይቅ የለም። እናቴ በሰው ፊት ግጥም ሰጥታ አታውቅም ነበር። ያን ቀን ግን ተነሣች።

«ቀስ ብለህ ንዳው ሊማሊሞ ላይ፣
የጫንኸው የናት ልጅ እህል ነወይ?»

እዚያ ከተቀመጠው ሰው ልጁ ወይ ወንድሙ ያልተወሰደበት ጥቂት ነው። አዝማሪው ራሱ ወዲያው አልተቀበላትም፤ ትንሽ ቆይቶ፣ መሰንቆውን አስተካክሎ፣ ደጋግሞ ደጋግሞ አወረደው። ሙሽሪት ሳትቀር አለቀሰች። አንድ ጎረምሳ ሰርጉን በቴፕ ይቀዳ ኖሮ ካሴቱ ከቴፕ ወደ ቴፕ እየተገለበጠ፣ እኔ ወደምሠራበት የደባርቅ ሻይ ቤት ደረሰ። እኔም ጠዋት ስከፍት አጫውተዋለሁ፣ ማታ ስዘጋ አጫውተዋለሁ። የከባድ መኪና ሾፌሮች ሳይቀሩ ሻያቸውን ይዘው ዝም ብለው ይሰሙት ነበር።

ቀበሌ ጠሩኝና ግጥሙን ማን እንደሰጠ ጠየቁኝ። እኔ ነኝ አልኩ። ሌላ ምን እላለሁ? ሊቀመንበሩ ካሴቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ እንደ ክፉ ነገር በእርሳስ ይነካካዋል። ሾፌርን ቀስ ብለህ ንዳ ማለት ምኑ ነው ወንጀሉ ብዬ ጠየቅኩት። «አብዮቱ ወደፊት ይገሠግሣል፣ አንቺ ቀስ በል ትያለሽ» አለኝ፤ ደግሞ ይህን ሲል ፊቱ ላይ ፈገግታ እንኳ የለም። ቅዳሜ ነበር። ሰኞ በጥበቃ ወደ ጎንደር እንደምሄድ ነግሮ ለቀቀኝ። እሑድ ሲመሽ ነው እንግዲህ እናቴ በሩን የያዘችብኝ።

ስለ ጉዞው ብዙ አልልም፤ የተጓዘ ያውቀዋል። እኛ የደጋ ሰዎች ሙቀት ማለት የቀትር ፀሐይ ይመስለን ነበር። ቆላው ግን በሌሊትም አይለቅም። የአርማጭሆን በረሃ ስናቋርጥ ያ በደባርቅ ብርድ ከላዬ የማላወርደው ነጠላ የውኃ ማጥለያ ሆነ። የእናቴን ቆሎ ቆጥቤ ቆጥቤ፣ የመጨረሻዋን ጭብጥ ሱዳን ገብቼ ነው የበላሁት።

ገዳሪፍ ላይ ስደተኛ የሚመዘግብ ሰው አገኘሁ። በአስተርጓሚ ለምን አገርሽን ለቀቅሽ አለኝ፤ በግጥም ምክንያት አልኩት። ዘፋኝ ነሽ ወይ አለኝ። አይደለሁም። ገጣሚ ነሽ? እሱንም አይደለሁም፤ ግጥሙ የእናቴ ነው። ታዲያ ዘፈነችው? የለም፣ ለአዝማሪ ሰጠችው። ሰውየው ብዕሩን አስቀምጦ «ስለዚህ እናትሽ ተናገረች፣ ሌላ ሰው ዘፈነ፣ አንቺ ተሰደድሽ» አለ። አዎ አልኩት። ለአስተርጓሚው በዐረብኛ ሐበሾች ሲዋሹ እንኳ አያምርባቸውም ብሎት ኖሯል፤ ይህን በኋላ ነው የሰማሁት። በጊዜው በትሕትና አመስግኜው ወጣሁ።

ካርቱም ከአስቴር ጋር አንድ ክፍል ተከራየን። አስቴር የአዲስ አበባ ልጅ ናት፣ ሳቂታ፣ ለካሴት ነፍሷን የምትሰጥ። ዐርብ ሁለታችንም ከሥራ የምናርፍበት ቀን ስለሆነ ግቢው ውስጥ አልጋችንን አውጥተን፣ ፉል በዳቦ እየበላን፣ እያንዳንዳችን የምንወደውን ዘፈን በተራ እናሰማለን። ጎረቤት የሆኑ ያገራችን ልጆችም ካሴታቸውን ይዘው ይመጣሉ። እንጀራ ባማረን ቀን ኪስራ ገዝተን በርበሬ እንነሰንስበታለን፤ ስስ ነው፣ ወረቀት ወረቀት ይላል፣ ግን ዘፈኑ ካለ ይወርዳል። ሐቡብ የሚሉት የአሸዋ አውሎ ሲነሣ ቴፑን በአንሶላ ሸፍነን ከነዘፈኑ እንገባለን።

ችግራችን አከራያችን ሐጅ ኢድሪስ ነበሩ። ግቢውን የሚጋሩን ሽማግሌ ናቸው። መጀመሪያ ድምፁን ቀንሱ ሊሉን የመጡ መስሎን ቴፑን ልናጠፋ ስንል «ተዉት፣ ይሄ የኛ ነው» አሉ። አስቴር ሳቀች። እሳቸው ገብተው የራሳቸውን ካሴት አምጥተው ከፈቱ። እውነትም ያ ስንወደው የኖርነው፣ በየሰርጋችን የጨፈርንበት ዘፈን በዐረብኛ ይዘፈናል፣ ያውም በዕድሜ የእኛን የሚበልጥ። በሚቀጥለው ዐርብ ሌላ ዘፈን፣ ደግሞ «ይሄም የኛ ነው»፣ ደግሞ ካሴት። አስቴር መጀመሪያ ላይ ሳቀች፣ ኋላ ላይ ግን ፊቷ ጠቆረ። በመጨረሻ ኪራዩን የሚጠይቁን ሳያንስ ዘፈናችንንም ሊወስዱ ነው እያለች ታማርር ጀመር። እኔ በሆዴ የራሴን ዘፈን አስብ ነበር። ካሴቴ ደባርቅ፣ ቀበሌ ጠረጴዛ ላይ ቀርቷል፤ ስለዚህ በተራዬ የማሰማው አልነበረኝም።

አንድ ዐርብ አስቴር ከአዲስ አበባ የመጣ አዲስ ካሴት ይዛ ከተፍ አለች። ያዜመችው ዝነኛ የሆነች ዘፋኝ ናት፤ ስሟን አልጠራም፣ ክፉም አድርጋ አልቆጥራትም። በዚያ ዓመት አገር ሁሉ የሚዘፍነው ይህን ነው አለችን አስቴር። ሳክስፎኑ ገባ፣ ኦርጋኑ ተከተለ፣ ቀጥሎ ያ ለስላሳ ድምፅ።

«ቀስ ብለህ ንዳው ቁልቁለቱ ላይ፣
የጫንኸው ፍቅሬን ነው እህል ነወይ?»

የያዝኩት ዳቦ ከእጄ ወደቀ። ሰው ሁሉ እያጨበጨበ ነው። እኔ ደግሞ ተናደድኩ፣ እውነቴን ነው፣ እንደዚያ ተናድጄ አላውቅም። ወንድሜን ከመኪናው ላይ አውርደው የማንንም ፍቅረኛ የጫኑበት መሰለኝ። ይሄ የእናቴ ነው አልኩ። አስቴር ትክ ብላ አየችኝና «እንግዲህ አንቺም ሐጅ ኢድሪስን ሆንሽብን» አለች። ሳቁ ግቢውን ሞላው። እኔ ዳባት እላለሁ፣ ሰርግ እላለሁ፣ ጌጡ እላለሁ፤ ማን ይስማኝ። ከሁሉ የከፋው ደግሞ ዜማው የእኔንም ልብ መንካቱ ነው። ሴትዮዋ አሳምራ ነው የዘፈነችው።

በዚህ መሐል ሐጅ ኢድሪስ እንደልማዳቸው ብቅ አሉ። አስቴር እስኪ ይሄንንም የኛ ነው ይበሉ ብላ ቴፑን አጠንጥና ከመጀመሪያው ከፈተችላቸው። ቆመው ሰሙ። በእጃቸው ጉልበታቸውን እየመቱ እንደገና ሰሙ። የኛ ነው ካሉ እናቴ ለሁለተኛ ጊዜ ልትቀማ ነው።

«ይሄ የኛ አይደለም» አሉ። «ማን ነው ያወጣው?»

ማንም ሳይናገር አስቴር እጇን አንሥታ ወደ እኔ ጠቆመች። የሰው ዘፈን ሁሉ የሚወስዱ ሽማግሌ ይሄን ከተዉት ባለቤት አለው ማለት ነው አለች በኋላ። ያን ለት አቀፈችኝና ትክክለኛውን ግጥም አስጠኚኝ አለችኝ። ሁለታችንም እያለቀስን አስጠናኋት። ጌጡም ወደ መኪናው ተመለሰ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ለእናቴ ሳልነግራት ብሞት ብዬ እንቅልፍ አጣሁ። ደባርቅ መደወል እሷን ማስጠቆም ነው። በመተማ በኩል ለሚመላለስ ነጋዴ ነግሬ፣ ጎንደር ያለችው ሌላዋ አክስቴ ዘንድ እንድትመጣ ላክሁባት፤ የአክስቴ ጎረቤት ስልክ አላቸው። በቀጠሮው ቀን በአስቴር ስም አስደወልኩ። መስመሩ ሲጮህ፣ ሲያጉረመርም፣ ሲጠፋ ቆይቶ የእናቴ ድምፅ መጣ። ተራራ ላይ ሆና እንደምትጣራ ሰው እየጮኸች። ምን እንደምበላ ጠየቀችኝ፣ ሙቀቱን ጠየቀችኝ፣ ጸጉሬን ተቆርጬ እንደሆነ ጠየቀችኝ። እኔ መስመሩ ላይ ስንት ጆሮ እንዳለ ስለማላውቅ የጌጡን ስም ለመጥራት ፈራሁ። እሷ ግን ገባት።

«ገና ነው» አለችኝ። «ወሬም የለው። ገና ነው።»

የላክሁብሽ ለዚህ ነው፣ ያ የሰርጉ ግጥም በካሴት ወጥቷል አልኳት።

«በራዲዮም ሰምቼዋለሁ። ደግ አድርጋ ተቀብላዋለች። ድምፅዋም መልካም ነው።»

«አልተናደድሽም? የሷ ነው እያሉ እኮ ነው።»

«ምን ያናድደኛል? ተቀበል ብዬ ሰጥቼ የለም እንዴ። ከአንዱ አዝማሪ ሌላው ተቀበለው።»

እኔ ባሕር ማዶ ያህል ርቄ፣ ስንት ቀን ስንገበገብበት የኖርኩት ነገር ለሷ እንደዚህ ቀላል መሆኑ አሳፈረኝም፣ ደስም አለኝ። ስልኩን ልትዘጋው ነው ብዬ ስሰጋ ድምፅዋ ዝቅ አለ። መጮኋን ትታ፣ በቤታችን እንደምታወራኝ አወራችኝ።

«ግን ዓለሜ፣ ሊማሊሞን ለምን አወጣችው?»

«ፈርታ ይሆናላ እማዬ።»

«ትፍራ። ፍቅሬም ትበለው፣ የወደደችውን ትበለው፣ አልከለክላትም። መንገዱን ግን ትመልሰው። ካገኘሻት ንገሪልኝ። ሊማሊሞን ካወጣችው ልጄ በየት ዞሮ ይመጣል?»

እነግራታለሁ እማዬ፣ እነግራታለሁ አልኳት። መስመሩ ግን ቀድሞ ተቋርጦ ነበር።