ቦይለሩን የነካው ማን ነው

ከመሐል ሜዳ የወጣሁት ገና ሳይነጋጋ ነው። እናቴ በሶውን በላስቲክ ቋጥራ ሻንጣዬ ውስጥ እየከተተች «አገሩ ብርድ ነው አሉ» አለችኝ። እኔም «እማዬ፣ የመንዝ ሰው ደግሞ ብርድ ይፈራል እንዴ» ብያት ሳቅን። አባቴ ቄስ ናቸው። መስቀላቸውን አሳለሙኝ፤ ለምን እንደምሄድ ያውቃሉ። ፊዚክስ በማስተምርበት ትምህርት ቤት ግምገማ ላይ አንድ ባልደረባዬ ተነሥቶ ያልተናገርኩትን ተናግሯል ብሎ መሰከረብኝ። ከዚያ ወዲያ ከሥራ ታገድኩ፣ ሰው ሰላምታ ሊሰጠኝ ፈራ። አውቶቡሱ ወደ ደብረ ብርሃን ሲንቀሳቀስ ያንን ሰው እያሰብኩ፣ እንዴት ያለ ልብ ቢኖረው ነው እያልኩ ሄድኩ።

ለአጭር ሥልጠና በተሰጠኝ ቪዛ እንግሊዝ አገር ገባሁና በዚያው ጥገኝነት ጠየቅሁ። ጉዳዬን የያዘችው ሴትዮ ስለ ትውልድ ቦታዬ ጠየቀችኝ።

«አየሩ እንዴት ነው?»

«ብርድ ነው። ጓሳ ተራራ ላይ ሣሩ በውርጭ ነጭ ሆኖ ነው የሚነጋው።»

ከወረቀቷ ቀና አለች። «ከአፍሪካ ነኝ ነበር ያልከው፣ አይደል?»

«አዎ።»

«አፍሪካ» ብላ ጻፈችና አጠገቡ የጥያቄ ምልክት አደረገች። ውሳኔውን ጠብቅ ተባልኩ። መጠበቁ ዓመት አለፈው።

በዚያ ሁሉ ጊዜ ያስጠጉኝ ጋሼ ደምሴ ናቸው። የመርሐቤቴ ሰው ናቸው፣ የዓለም ከተማ ተወላጅ። የቀድሞው ሠራዊት ወታደር ነበሩ፤ ሠራዊቱ ሲበተን ወደ ኬንያ ተሻግረው ብዙ ዓመት ካምፕ ውስጥ ኖረዋል። የሳቸው የመኖሪያ ፈቃድ ቀድሞ ወጥቶላቸው ነበር። ሌሊት ዳቦ ፋብሪካ ይሠራሉ፣ ቀን ይተኛሉ። በቤተ ክርስቲያን ተዋወቅንና አከራያቸውን ለምነው፣ እሳቸው የሚኖሩበት ፎቅ ላይ አንዲት ክፍል አሰጡኝ። ኩሽናው የጋራችን ነበር። ደብዳቤ የማነብላቸው፣ ሐኪም ቤት የማስተረጉምላቸው እኔ ነኝ። «መምህር» ይሉኛል። እዚህ አገር እንደዚያ የሚለኝ ሌላ ሰው ስላልነበረ፣ እውነቱን ልንገራችሁ፣ ደስ ይለኝ ነበር።

ለእናቴ የፎከርኩት ፉከራም አልሠራም። እኛ ቤት ግድግዳው ድንጋይ፣ ክዳኑ የጓሳ ሣር ነው፤ በጎቹ በአንድ ወገን ይተነፍሳሉ፣ ከበግ ጠጉር የተሠራ ባናህን ተከናንበህ ትተኛለህ። የእንግሊዝ ብርድ ግን እርጥብ ነው፤ ቤት ውስጥ ተቀምጠህ አጥንትህ ድረስ ይገባል። ቤቱን የሚያሞቀው ቦይለር የሚሉት ነው፤ ኩሽናው ግድግዳ ላይ የተሰቀለ በጋዝ የሚሠራ ነጭ ሣጥን ነው። ውሃ ያሞቅና በየክፍሉ ወዳሉት ብረቶች በቧንቧ ይልካል። የኛው አርጅቶ ከሥሩ ያንጠባጥብ ጀመር። ለአከራያችን ለሚስተር ሃሪስ ደወልኩ።

«የሚፈሰው ትኩስ ነው ቀዝቃዛ?» አለኝ።

«ለብ ያለ ነው።»

«ባልዲ አላችሁ?»

«አለን።»

«እንግዲያው ችግር የለም» ብሎ ዘጋው።

ውሃው በፈሰሰ ቁጥር የሣጥኑ ግፊት ይወርዳል፣ ግፊቱ ሲወርድ ደግሞ እሳቱ ይጠፋል። ጋሼ ደምሴ የጀማ በረሃ አፋፍ ላይ ያደጉ ሰው ናቸው፤ ካፖርታቸውን ሳያወልቁ ይተኙ ጀመር። አንድ ቀን ቦይለሩ ፊት ቆሜ ሳየው «ተወው መምህር፣ ባለቤቱ ይሥራው» አሉኝ። እኔ ግን ግፊትንና ሙቀትን ስንት ዓመት በጥቁር ሰሌዳ ያስተማርኩ ሰው ነኝ። ከሥሩ ከቧንቧው ውሃ የምታስገባ ትንሽ መክፈቻ አገኘሁ። ከፈትኳት፣ ግፊቱ ወጣ፣ ዘጋኋት፣ እሳቱ ተነሣ። ከዚያ በኋላ ጠዋት ጠዋት እንደዚያ ማድረግ ልማዴ ሆነ። «ፊዚክስ ማለት ይኼ ነው» ብዬም ተኮፈስኩባቸው።

አንድ ማክሰኞ ወደ ቋንቋ ትምህርቴ ስቸኩል መክፈቻዋን ከፍቼ ሳልዘጋት ሄድኩ።

ከሰዓት በኋላ ስመለስ የኩሽናው ወለል ኩሬ ሆኗል። የላላው መጋጠሚያ ግፊቱን አልቻለምና ውሃው እንደ ምንጭ ሲወርድ ውሏል። ጋሼ ደምሴ ከሥራ ገብተው ተኝተው ነበር። የቀሰቀሷቸው ከታች የሚኖሩት አሮጊት ሚሲስ ጆአን ናቸው፤ ኮርኒሳቸው ተቀዶ የሟች ባለቤታቸው ፎቶግራፎች የተቀመጡበት ሣጥን ላይ ወርዷል። ስደርስ ጋሼ ደምሴ ተንበርክከው በገዛ ብርድ ልብሳቸው ውሃውን ይመጥጣሉ። እኔ መጀመሪያ ያደረግሁት ነገር እሳቸው ሳያዩኝ መክፈቻዋን መዝጋት ነበር።

ሚስተር ሃሪስ ወዲያው መጣ። ጫማው ውሃ ውስጥ ቆሞ «ቦይለሩን የነካው ማን ነው?» አለ።

«እኔ እንጃ፣ ትምህርት ቤት ነበርኩ» አልኩ። ውሸት አይደለም አልኩ በልቤ፣ ትምህርት ቤት ነበርኩ።

በአገጩ ወደ ጋሼ ደምሴ አመለከተ። «ጠይቀው። ቦይለሩን ነክቷል?»

ዘወር ብዬ በአማርኛ «ጋሼ፣ ውሃውን ለማቆም ሞክረዋል ወይ ይላል» አልኳቸው።

ፊቴን አዩኝ። የረጠበው ብርድ ልብስ እጃቸው ላይ ይንጠባጠባል።

«አዎ በለው» አሉ።

«አዎ ይላል» አልኩት።

«እስከ እሑድ ቤቱን እንዲለቅ ንገረው።» ይህችኛዋን ምንም ሳላጣምም አስተረጎምኩ።

ቅዳሜ ዕቃቸውን ሲሸክፉ በሩ ላይ ቆምኩ። ያላቸው ነገር አንድ ሻንጣ ሞላ። ጎንበስ እንዳሉ «መምህር፣ ቦይለር የሚለውን ቃል አውቀዋለሁ» አሉኝ። «ካምፕ ውስጥ ያን ያህል ዓመት ስኖር እንግሊዝኛውን ለምጄዋለሁ፤ ነካ የሚለውም አላመለጠኝም።»

«ታዲያ ለምን አዎ አሉ?» አልኳቸው።

«ያንተ ጉዳይ ገና ነው። ቤት አበላሸ የሚል ነገር ስምህ ላይ ቢጻፍ አይበጅህም። እኔን ከእንግዲህ የትም አይመልሱኝም።» የሻንጣውን ዚፕ ዘጉ። «ግን ብትነግረኝ ጥሩ ነበር። ብትለምነኝ እሺ እልህ ነበር።»

አቀፉኝ፤ ሻንጣቸውን እንኳን ልይዝላቸው አልቻልኩም። ለንደን ያለ አንድ የጦር ጓደኛቸው ዘንድ ሄዱ።

ከዚያም በኋላ እኮ ማስተካከል እችል ነበር። ሰኞ ዕለት ለሚስተር ሃሪስ ደወልኩ። ልነግረው ነበር የደወልኩት። «ሃሎ» ሲል ድምፁን ስሰማ «አዲሱ ቦይለር መቼ ይገባል?» ብዬ ጠየቅሁት። በዚያው ሳምንት ገባ። ሚሲስ ጆአን ኬክ ጋግረው አመጡልኝና «ከእንደዚያ ዓይነት ሰው ጋር መኖር ከብዶህ ይሆናል» አሉኝ። «ደህና ሰው ናቸው» አልኩ፤ ቃሉ ከአፌ የወጣው በአማርኛ ነው። አልገባቸውም፣ እኔም አልተረጎምኩላቸውም። ኬኩን ግን በላሁት።

ያ በግምገማ የመሰከረብኝ ባልደረባዬ ፊት አሁን ጥርት ብሎ አይታወሰኝም። የሱን ፊት ላስታውስ ስሞክር የራሴ ይመጣብኛል።

የመኖሪያ ፈቃዴ ወጣ። ስሜ ላይ ምንም የተጻፈ ነገር አልነበረም። ደስታዬን ለእናቴ ስነግራት እልል አለች፣ አባቴ ስልኩን ተቀብለው «እግዚአብሔር እውነትህን አየልህ» አሉኝ። መስመሩ የተቋረጠ መስሏቸው ደጋግመው ስሜን ጠሩ።

ጋሼ ደምሴ ጤና አጥተው ወደ ዓለም ከተማ፣ ወደ እህታቸው ቤት መመለሳቸውን የሰማሁት በቅርቡ ነው። የስልክ ቁጥሩን የቤተ ክርስቲያን ሰዎች ሰጡኝ። የምለውን በወረቀት ጻፍኩት፣ አጭር ነው፣ ሦስት መስመር። እህታቸው አነሣችና «ማን ልበላቸው?» አለችኝ። ስሜን ነገርኳት፤ መምህር ማለቱን አፍሬ ተውኩት።

«መምህር» አሉ እሳቸው። ድምፃቸው ሳስቷል። «ወረቀትህ ወጣልህ?»

«ወጣልኝ፣ ጋሼ።»

«እሰይ። እንኳን ደስ ያለህ። ይኸን ሳልሰማ እንዳልሞት ብዬ ነበር።»

ወረቀቱ ፊቴ ተዘርግቷል፤ ከመጀመሪያው መስመር አላለፍኩም፣ እሱንም ድምፅ አውጥቼ አላነበብኩትም። እሳቸው ስለ ጤፉ አወሩኝ፣ አዝመራው ደህና መሆኑን፣ በር ላይ ወጥተው ፀሐይ እየሞቁ መሆናቸውን። እህታቸው ለምሳ ስትጠራቸው ይሰማኛል።

«በል እንግዲህ፣ አትጥፋ፣ ደውል» አሉኝ።

«እደውላለሁ» አልኳቸው።