የሰዓቱ ክዳን ውስጥ

ትልቁ አጎቴ ሰዓት ሠሪ ነው። ሰው ሲጨብጥ ፊቱን ሳይሆን የእጁን አንጓ ነው የሚያየው። ሠርግ ተጠርቶ ሙሽራውን ሳይሆን የሙሽራውን ሰዓት አይቶ የተመለሰ ሰው ነው። ቁጣው ደግሞ ለብቻው ነው፤ ሰዓቱን ውሃ አስነክቶ የመጣ ደንበኛ ስብከቱን ሳይሰማ ከሱቁ አይወጣም።

ከአሥራ ዘጠኝ ዓመት በፊት ድልድይ ተደርምሶ አገር ሙሉ ያለቀሰበት የባቡር አደጋ ነበር። የአደጋው መታሰቢያ ኤግዚቢሽን ከተማ ለከተማ እየዞረ እኛ ዘንድ ሲደርስ ከአጎቴ ጋር ሄድኩ። ታናሽ ወንድሙ በዚያ ባቡር ላይ ነበር፤ ከእሱ ግን አንዲት ቁልፍ እንኳ አልተገኘችም። ማዘጋጃ ቤቱ አዳራሽ ውስጥ፣ ከጫማና ከሻንጣው መሀል፣ መስታወት ሥር አንድ ሰዓት ተቀምጧል። «ባለቤቱ ያልታወቀ» ይላል ጽሑፉ። አጎቴ ባለበት ቀረ። ለወንድሙ የሰጠውን ሰዓት ቁርጥ ነው።

«ይከፈትልኝ» አላት የኤግዚቢሽኑን ኃላፊ። «ሰዓት ሠሪ በእጁ ያለፈ ሰዓት ክዳን ላይ፣ ከውስጥ፣ ምልክቱን ይጭራል። የእኔ ዓሣ ናት። የወንድሜ ከሆነ ዓሣ አለችበት።»

ሴትየዋ አለቆቿን ለማስፈቀድ ሁለት ቀን ፈጀባት። በሦስተኛው ቀን አጎቴ ጓንት አጥልቆ ከፈተው። እኔ አጉሊ መነጽሩን ያዝኩለት። ዓሣ የለም። ያለው ኮከብ ነው።

ኮከብ የማን ምልክት እንደሆነ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። የዚያ ከአጎቴ ሱቅ መንገድ ማዶ ያለው ሰዓት ሠሪ ነው፤ ከአጎቴ ጋር በአንድ ደንበኛ ተኳርፈው እኔ ሳልወለድ ጀምሮ ሰላም አይባባሉም። አጎቴ ሐዘኑን ዋጥ አድርጎ ወደ ቤት መንገድ ጀመረ። ግን የሰዓት ነገር ተንጠልጥሎ ሲቀር እህል የሚወርድለት ሰው አይደለም። መንገዱን ወደ ሰውየው ሱቅ ተሻገረ፤ ተከተልኩት።

ኃላፊዋ የሰጠችውን የክዳኑን ፎቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረ። «ኮከብህ አለበት። የማን ነው?»

ሰውየው ፎቶውን ብዙ አየው። «ተቀመጥ» አለ። «የወንድምህ ነው።»

«የእሱማ የእኔ ምልክት አለበት።»

«ያኛውን ሲዋኝ ወንዝ በላው። እዚህ መጥቶ ‹ካወቀ ይገለኛል፤ እሱኑ የሚመስል ፈልግልኝ› አለኝ። ወር ሙሉ ዞሬ አገኘሁለት። እንዳልነግርህም አስማለኝ።»

አጎቴ ወንበሩ ላይ ዘፍ አለ። «ለካ ለዚህ ነው» አለ ቀስ ብሎ፤ «ያን ዓመት ሱቄ በመጣ ቁጥር እጁን ከኪሱ የማያወጣው። ምን ሆኖ ነው እያልኩ ስንት ጊዜ አሰብኩ።»

ፎቶውን ወደ ራሱ ሳብ አድርጎ «አልቆጣውም ነበር እኮ» አለ።

ሰውየው እኔን አየኝ፤ እኔም መሬት መሬት አየሁ።

«እሺ፣ እቆጣው ነበር» አለ አጎቴ። «ከዚያ ሌላ እሰጠው ነበር።»