አባቷ የመረጡልኝ ቢስክሌት

እግዜር ቁመቴን ሲሰጠኝ ቸኩሎ ነበር መሰለኝ። በመሥሪያ ቤታችን ከኔ የሚያጥር ሰው አልነበረም፤ የዘበኛው ዱላ እንኳ ከትከሻዬ ይበልጣል። ይህን ከመጀመሪያው የምናገረው ወድጄ አይደለም። ያ ሁሉ ነገር የተበላሸው በቁመቴ ምክንያት ነው እያልኩ ለብዙ ዓመት ሳማርር ስለኖርኩ ነው።

ጣሊያን ከወጣ ጥቂት ዓመት አልፎ አገሩ ረጋ ሲል፣ ከሸዋ ተመድቤ መቀሌ ገባሁ። ሥራዬ ደብዳቤ መጻፍና መዝገብ መያዝ ነበር። ቤት የተከራየሁት ባላቸው የሞተባቸው አንዲት ሴት ግቢ ውስጥ ነው። እንደ አገሩ ወግ «አደይ» እላቸው ነበር፤ እናቴ ማለት ነው። እሳቸውም ትግርኛ የማያውቅ ልጅ ወለድኩ ብለው ተቀበሉኝ። የአደይ ወንድም በከተማው የታወቁ የበቅሎ ነጋዴ ናቸው። የወንድማቸው ልጅ ደግሞ አክስቷን ልትጠይቅ በሳምንት ሁለት ሦስት ጊዜ ትመጣለች። ብዙ ሳይቆይ እኔ ቤት ረስቼ የምሄደው ነገር በዛና፣ ከሥራ ሰዓት እየተነሣሁ መመላለስ አመጣሁ።

አደይ አይተው እንዳላየ ሆነው ጥቂት ወር ታገሡኝ። በኋላ አንድ ቀን መሐረቤን ልወስድ ነው የመጣሁት ስላቸው፣ «ወይ ሽማግሌ ላክ፣ ወይ ሥራህ ላይ ዋል» አሉኝ።

ሽማግሌ ላክሁ። አባትየው የሸዋ ሰው መሆኔን አልተቃወሙም። ደሞዜንም ሰምተው ዝም አሉ፤ ከአዘኔታ ነው ብለዋል ሽማግሎቼ። የተቃወሙት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ መቀመጫ የለውም። የሚቀመጥበት በቅሎ የለውም ማለታቸው ነው። ዕድሜ ልካቸውን ሰውን ከነበቅሎው ሲመዝኑ የኖሩ ናቸውና ልጃቸውን ለእግረኛ መስጠት ከበዳቸው። በቅሎ ልግዛ ብል፣ በኔ ደሞዝ የምትገዛው በቅሎ እኔ ራሴ ተሸክሜያት የምሄድ ዓይነት ነበረች።

ያን ሰሞን ነው አንድ ጣሊያን ሱቁን ዘግቶ ወደ አስመራ ሊሄድ ነው፣ ቢስክሌቶቹንም በግማሽ ዋጋ እየጣላቸው ነው የሚል ወሬ የመጣው። ሰውየው ጦርነቱ ሲያልቅ ከወገኖቹ ጋር ሳይሄድ ቀርቶ፣ ጎማ እየለጠፈ የሚኖር ሽማግሌ ነበር። አደይ ወንድማቸው ዘንድ ሄደው፣ «ብሽክሌታ ከመቀመጫ ይቈጠራል ወይ?» ብለው ጠየቁልኝ። አባትየው ሳምንት ሙሉ አሰቡበት። በመጨረሻ የላኩት መልስ፣ «ይቈጠራል፤ የምመርጣት ግን እኔ ነኝ» የሚል ነበር።

ደስታዬን አትጠይቁኝ። መሥሪያ ቤታችን አንዲት አሮጌ ቢስክሌት ስለነበረችው መንዳት አውቃለሁ። ልኬንም አውቃለሁ፤ ብረቷን በእግሮቼ መሐል አድርጌ ስቆም ሁለት ጫማዬ መሬት የሚረግጥልኝ ከሆነ፣ እሷ የኔ ናት። አማቴ የሚሆኑት ሰው ደግሞ ቢስክሌት በእጃቸው ነክተው አያውቁም። ስለዚህ ከሁለታችን ዐዋቂው ማን እንደሆነ ግልጽ ነው። የሚመርጠው ማን እንደሆነም እንዲሁ ግልጽ ነው።

ሱቁ ውስጥ ስድስት ቢስክሌቶች ቀርተው ነበር። አምስቱ የእሽቅድምድም ናቸው፤ ጎማቸው ቀጭን፣ መሪያቸው እንደ በግ ቀንድ ወደ ታች የታጠፈ፣ ቁመታቸው ለጉድ። ለማን እንደመጡ እንጃ፤ እንዲህ ያለ ቅልጥም ያለው ጣሊያን መቀሌ ውስጥ አይተን አናውቅም። ገዢ ያጡትም፣ ዋጋቸው የወረደውም ለዚሁ ነው። ስድስተኛዋ ሰማያዊ ነበረች፤ ዝቅ ብላ ጥግ ላይ ተደግፋለች። ዋጋዋ ያው ነው። ገና ከበሩ ሳያት የኔ መሆኗን ዐወቅሁ።

አባትየው ዞር ብለውም አላዩዋት። በቀጥታ ወደ ጥቁሯ፣ ከሁሉም ወደምትረዝመው ሄዱ። መጀመሪያ ኮርቻዋን በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉ። ቀጥሎ በስተኋላዋ ዞሩ፤ በቅሎ እንዳትራገጥባቸው ፈንጠር ብለው ማየት ልማዳቸው ነውና እሷንም ፈንጠር ብለው አዩዋት። የኋላ ጎማዋን አንሥተው አሽከረከሩና ጆሯቸውን ሰጥተው አዳመጡ። በመጨረሻም ጎንበስ ብለው ሰንሰለቱ የሚዞርበትን ጥርስ አንድ በአንድ በጣታቸው ዳሰሱት።

«ጥርሷ ሙሉ ነው» አሉኝ፣ ረክተው። «ገና ልጅ ናት።»

ጣሊያኑ ዕቃውን ለመጣል ቢቸኩልም ሞያውን የሚወድ ሰው ነበር። እኔንና ጥቁሯን እያፈራረቀ ተመለከተና ራሱን ነቀነቀ። «ፒኮሎ! ፒኮሎ!» እያለ እጁን ወደ መሬት ዝቅ አድርጎ ቁመቴን አሳየ፤ ያን ያህልስ አላጥርም፤ እጁን ጉልበቱ ድረስ ነበር ያወረደው። ከዚያ የልብስ ሰፊ ሜትር ከኪሱ አወጣና፣ ሳላስበው ፊቴ ተንበርክኮ፣ አንዱን ጫፍ ተረከዜ ላይ፣ ሌላውን ጫፍ ሰው ፊት ስሙ በማይጠራ ቦታ ላይ አሳረፈው።

«እንታይ እዩ! ምንድን ነው!» አሉ አባትየው፣ ደንግጠው። «ይሄ ሰውዬ ምኑን ነው የሚነካው?»

«እግሬን ሊለካ ነው፣ አቦይ» አልኩ። አቦይ ማለት አባቴ ማለት ነው።

«በቅሎ ሲገዛ የሚታየው የበቅሎዋ እግር ነው። የገዢው እግር ሲለካ የት አይተሃል?»

ጣሊያኑ ተስፋ አልቆረጠም። ሰማያዊዋን እየገፋ አመጣና እጄን ይዞ ኮርቻዋ ላይ አስቀመጠልኝ። ኮርቻዋ ወገቤ ድረስ ብቻ ነበር፤ ለስላሳ ነበረች። አባትየው አንድ ጊዜ አየት አደረጓት።

«እዚች ላይ ከተቀመጥህ ሰው የሕፃን መጫወቻ ሰረቀ ይልሃል» አሉ። ከዚያ ድምፃቸውን ለዘብ አድርገው፣ እንደ ልጃቸው «ወደይ» ብለው ጠሩኝና፣ «ልጄን የሚወስድ ሰው ከፍ ብሎ እንዲታይልኝ ነው ሐሳቤ። ጥቁሯስ እንዴት ናት? ልክህ አይደለችም ወይ?» አሉኝ።

ጠየቁኝ እኮ! እውነቱን መናገር ለሚፈልግ ሰው ከዚህ የሰፋ በር አይከፈትለትም። ጥቁሯ አጠገብ ነው የቆምኩት፤ የላይኛው ብረቷ እምብርቴን አልፎ ሄዷል።

«ልክ ናት፣ አቦይ» አልኩ።

ጣሊያኑ ሜትሩን ጠቅልሎ ኪሱ ከተተ። ገንዘቤን ሲቀበል ፊቴን አላየም።

ጥቁሯ ላይ ለመውጣት አደይ ያስፈልጉኝ ነበር። እኔ ግቢያችን ውስጥ ካለው የድንጋይ ካብ ላይ እቆማለሁ። አደይ ነጠላቸውን አደግድገው ኮርቻዋን ከኋላ ይይዙልኛል። እግሬን አሻግሬ ከወጣሁ በኋላ «በቃ!» እላለሁ፤ እሳቸው በስመ አብ ብለው ይገፉኛል። መሄዱስ ግድ የለም። መርገጫው ታች ሲደርስ ከእግሬ ይለያል፣ ዞሮ ሲመጣ እንገናኛለን።

ጭንቁ መውረዱ ነው። ለመውረድ ግድግዳ እፈልጋለሁ፤ ግድግዳውን በክንዴ ተደግፌ በጎን በኩል እንሸራተታለሁ። ስለዚህ በሁለት ወር ውስጥ መቀሌን ከተወላጆቿ አስበልጬ ዐወቅኋት። የቱ ካብ ክንድ እንደሚችል፣ የቱ እንደሚናድ፣ የቱ ግድግዳ ሥር ውሻ እንደሚተኛ ጠንቅቄ እነግራችሁ ነበር። ግድግዳ በሌለበት ቦታ ጉዳይ ሲኖረኝ ጉዳዩን እተወዋለሁ። ግድግዳው ሲያመልጠኝ ደግሞ እወድቃለሁ። ሲመሽ ደክሞኝ ስገባ የምስተው የግቢያችንን ካብ ስለነበረ፣ እዚያ ከአደይ በቀር የሚያየኝ ሰው የለም ብዬ እጽናናለሁ።

አባትየው በበኩላቸው ኩራታቸው ሌላ ነበር። ሰኞ ገበያ፣ ጨው ጭነው በመጡት ግመሎች መሐል ቆመው፣ «ያቺን የመረጥኳት እኔ ነኝ» ይላሉ አሉ። እኔም በርቀት ሳያቸው ደረቴን ነፍቼ አልፋለሁ። የቁርጡን መልስ በሚመጣው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እንደሚሰጡ ላኩብኝ። አደይ «አለቀ» አሉኝ። አዲስ ኮት አሰፋሁ።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ለሥራ ከከተማው ወጣ ብላ ያለችው ኩሓ ደርሼ እየተመለስኩ ነበር። ከተማው ሳይደርስ መንገዱ ሜዳ ለሜዳ ይሄዳል፤ ግራና ቀኙ የታረሰ መሬት ነው፣ ግድግዳ የሚባል የለም። ከፊቴ አምስት ሽማግሎች በእግራቸው ሲመጡ አየሁ፤ ለቅሶ ሊደርሱ የሚሄዱ ናቸው። መሐል ያሉት የልጅቷ አባት ናቸው።

በዚያ ዘመን በበቅሎ የሚሄድ ሰው ታላቁን መንገድ ላይ ካገኘ ይወርዳል። ወርዶ እጅ ይነሣል፤ ታላቁ «በል ውጣ» እስኪለው ልጓሙን ይዞ ይቆማል። ሹም እንኳ ለአማቱ ይወርዳል። ቢስክሌት ደግሞ ከመቀመጫ ተቈጥራለች፤ የቈጠሯትም እሳቸው ራሳቸው ናቸው።

ሃምሳ እርምጃ ያህል ነበረኝ። ፍሬን ብይዝ እወድቃለሁ። የምወድቀውም በአምስት ሽማግሎች እግር ሥር፣ አዲሱን ኮቴን እንደለበስኩ፣ ቢስክሌቷን ላዬ ላይ ተሸክሜ ነው። አባትየው ለጓደኞቻቸው በእጃቸው ሲያሳዩኝ ታየኝ፤ ፊታቸው በርቷል። ከመንገዱ ዳር ወጣ ብለው ቆሙ። የቆሙት እኔ እንድወርድና ጓደኞቻቸው እንዲያዩልኝ፣ እንዲያዩላቸውም ነው።

ባርኔጣዬን አነሣሁ። ራሴን እስከ መሪው ዝቅ አደረግሁና «ከመይ ውዒልኩም!» አልኩ፤ እንዴት ዋላችሁ ማለቴ ነው። እግሬ ግን መርገጡን አላቆመም። የአምስቱንም አናት ከላይ እያየሁ አለፍኳቸው። ማንም አልመለሰልኝም። ዞሬም አላየሁ፤ ብዞር እወድቃለሁ። ቤት ስደርስ ካባችን ላይ ተደግፌ ከወትሮው ሁሉ አሳምሬ ወረድኩ።

እሑድ አደይ ወንድማቸው ዘንድ ሄደው ፊታቸው ጠቁሮ ተመለሱ። «ሰውየው ከፍ ብሏል፤ ከፍ ያለ ቤት ይፈልግ፤ ብሎሃል» አሉኝ። ቀጥለውም ነጠላቸውን እንደገና እያጣፉ፣ «ተመልሼ ልንገረው። ልኩ አይደለችም፣ መውረድ አቅቶት ነው ልበለው» አሉ።

ከለከልኳቸው። ምክንያቴን ሳስረዳ ያንደበቴን ማማር ብትሰሙት! የወንድምዎ እንጀራ ዐይናቸው ነው፣ አልኩ። ለሰውየው የማይሆነውን መቀመጫ መረጡለት ተብሎ ገበያ ውስጥ ከተወራ፣ ከእንግዲህ ማን በቅሎ ያስመርጣቸዋል? ከዚህ ሁሉ እኔ ጥጋበኛ ብባል ይሻላል። አደይ ዕንባቸው መጣ። እኔም በራሴ ጨዋነት ልቤ ተነክቶ ምሳ ሳልበላ ቀረሁ። ጨዋነት ነበር ያልኩት፤ ቁመቴ ገበያ ላይ እንዳይወራ መፍራቴን ለራሴ እንኳ አልነገርኩም።

ጥቂት ወር አለፈና ልጅቷ ለአንድ የጨው ነጋዴ ታጨች። ሰውየው በቅሎውን ትቶ፣ ለጥንቃቄ በእግሩ ነው የመጣው አሉ።

አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ አደይ አልነበሩም። እሷ ብቻ ናት ግቢ ውስጥ ያለችው፤ የአክስቷን ትልቁን ሞሰብ ለሠርጓ ልትዋስ መጥታለች። ከዚያ በፊት ከሰላምታ አልፈን ተነጋግረን አናውቅም። ምን እንደነካኝ እንጃ፣ ሁሉንም ዘከዘክሁላት፦ ጥቁሯ ልኬ እንዳልሆነች፣ ያን ቀን መውረድ እንዳልቻልኩ፣ ለአባቷ ክብር ስል ዝም እንዳልኩ። እንደምወዳትም ነገርኳት። ሁሉ ነገር ካለቀ በኋላ ይህን መናገር እንዴት ቀላል ነው!

ሞሰቡን እንዳቀፈች አዳመጠችኝ። ምንም አልደነቃትም።

«ልክዎ እንዳልሆነች ዐውቃለሁ» አለች። «ከአጥሩ ወዲያ ሆኜ ስንት ቀን አየሁዎ። ይወድቃሉ፣ አቧራዎን ያራግፋሉ፣ በማግስቱ ደግሞ ይወጣሉ። እኔስ የወደድኩዎ ያኔ ነው።»

ወደ እሷ አንድ እርምጃ ተራመድኩ። እሷ ግን አልጨረሰችም ነበር።

«አባቴ ፊት ምነው አልወደቁ?» አለችኝ። ቁጣ አልነበራትም፤ ማወቅ ፈልጋ ነበር። «ቢወድቁ ኖሮ፣ አባቴ ወረደልኝ ይሉ ነበር እኮ።»

ግድግዳ፣ ፍሬን፣ ኮት፣ የሽማግሎቹ ሳቅ፣ ሁሉን አስቤ ነበር። ይህን ግን አላሰብኩም። እሷም ወደ በሩ ሄደች። ሞሰቡ ሰፊ ስለነበረ በበሩ አልወጣ ብሏት፣ አንዴ ወደዚህ አንዴ ወደዚያ ታዘነብለው ነበር። ቆሜ አየኋት እንጂ ላግዝሽ አላልኳትም።